እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ቋሚ ሰዓትም የለኝም፤ በተፈጥሮ ማዕከል ማገልገል እችላለሁ?

ጥያቄውን ያቀረቡት በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጆቻቸውን ይዘው ዊተን ወደሚገኘው ብሩክሳይድ የተፈጥሮ ማዕከል ደጋግመው እንደሚሄዱ፣ ቦታውን እንደወደዱትና በበጎ ፈቃደኝነት ሊያገለግሉበት እንደሚመኙ ጽፈዋል። ነገር ግን እንግሊዝኛቸው እንደማይበቃ፣ በአረጋውያን እንክብካቤ በፈረቃ ስለሚሠሩ ቋሚ ሰዓት እንደሌላቸው፣ መኪናውን ባለቤታቸው ለሥራ እንደሚይዙት፣ የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ውሳኔ እንዳላገኘ፣ መዥገርም እንደሚያስፈራቸው ዘርዝረው፣ «ማመልከቻውን ከፍቼ መሙላት ጀመርኩና ግማሽ ላይ ተውኩት፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ቦታ ይኖር ይሆን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ቦታ አለ። የበጎ ፈቃደኞችን ሥራ በማስተባበር ሙያ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ፣ የጠቀሷቸው ችግሮች በሙሉ እውነተኛ መሆናቸውን ብረዳም፣ እርስዎን ያስቆመዎት ግን ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን የጀመሩበት በር ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሽ ላይ የተዉት ዓይነት ማመልከቻ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ለቋሚ ምድብ ነው፤ ይኸውም እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ፣ እንስሳቱን ለሚመግብ፣ የልጆች ትምህርት ላይ አስተማሪውን ለሚረዳ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የትኛው ቀንና ሰዓት ክፍት እንደሆነ፣ ማን ሊመሰክርልዎት እንደሚችል፣ ከዚህ በፊት ምን ልምድ እንዳለዎት ይጠይቃል። በፈረቃ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሱ መመለስ አይችልም፤ መመለስ አለመቻሉንም «አይፈልጉኝም» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለተኛ በር አለ፤ እሱም የአንድ ቀን የሥራ ዘመቻ ነው። ስምዎን ከማስመዝገብ በቀር ብዙ አይጠየቅበትም፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ለሚቀጥለው ሳምንትም ቃል አያስገባም። እኔን ቢጠይቁኝ ማንም አዲስ ሰው፣ እንግሊዝኛው የተሟላለት ቢሆን እንኳ፣ በዚህ እንዲጀምር እመክራለሁ።

የሥራ ዘመቻው ምን እንደሆነ ላስረዳ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደኖችና የወንዝ ዳርቻዎች ከሌላ አህጉር የመጡ እፅዋት አገር በቀሉን እየዋጡት ነው። ጣናን የወረረውን እምቦጭ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያውኑ ይረዳዋል፤ በውኃው ፋንታ እዚህ የሚለብሰው መሬቱና ዛፉ ነው። ኢንግሊሽ አይቪ የሚባለው ሐረግ ከአውሮፓ ለጓሮ ማስዋቢያ ተብሎ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ከአጥር ወጥቶ በትልልቅ ኦክና ቱሊፕ ዛፎች ግንድ ላይ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ ክብደቱ በማዕበል ጊዜ ዛፉን ለመጣል ያግዛል፣ መሬት ላይ የሚነጠፈው ደግሞ የደኑ አበቦችና ችግኞች ብርሃን እንዳያገኙ ያደርጋል። የካውንቲው የፓርኮች መሥሪያ ቤት ይህን ለመከላከል ከ1999 ጀምሮ «ዊድ ዋሪየርስ» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር አለው። በቡድን በሚደረገው ነቀላ ላይ ያለ ሥልጠና መገኘት ይቻላል፤ ሥልጠናውን ወስዶ የተመሰከረለት ሰው ደግሞ በተፈቀደለት የፓርክ መሬት ላይ ራሱ በመረጠው ሰዓት ብቻውን መሥራት ይችላል። ይህ ሁለተኛው ነገር በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ማክሰኞ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ወጥቶ፣ አንቀላፍቶ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ቢኖረው ያችኑ አንድ ሰዓት መጠቀም ይችላልና።

ሥራው እጅና ዓይን እንጂ ብዙ ንግግር እንደማይፈልግ እንዲታይዎት፣ አንድ ዛፍ ከአይቪ እንዴት እንደሚላቀቅ ልግለጽ። ሐረጉን ከላይ ይዞ መጎተት ክልክል ነው፤ ቅርፊቱን ይልጣል፣ የደረቀ ቅርንጫፍም ራስ ላይ ሊጥል ይችላል። መጀመሪያ በደረት ቁመት ላይ ዛፉን እየዞሩ እያንዳንዱን ሐረግ በመግረዢያ መቀስ፣ የወፈረውን በእጅ መጋዝ ይቆርጡታል። ቀጥሎ ከሥሩ መሬቱ አጠገብ እንደገና ይቆርጡና በሁለቱ መካከል ያለውን ቁራጭ ቀስ ብለው ከግንዱ ያላቅቁታል። በመጨረሻም ከዛፉ ግርጌ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ያህል መሬቱ ላይ የተነጠፈውን ሐረግ ከነሥሩ ነቅለው ቀለበት የመሰለ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ከላይ የቀረው ከሥሩ ስለተለየ በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሳምንታት፣ ግንዱ ተበጣጥሶ ሲወድቅ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። አስተባባሪው ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ካሳየዎት በኋላ የሚቀርዎት መሥራት ብቻ ነው። በገጠር ያደጉ ወይም ከእናታቸው ጋር ጓሮ የኮተኮቱ ወገኖቻችን ይህን ሥራ ከብዙዎቹ ጀማሪዎች ፈጥነው እንደሚይዙት ደጋግሜ ስላየሁ፣ «ልምድ የለኝም» ሲባል አልቀበለውም።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው ስልክ ይመልሳል፣ የተቆጣ ጎብኚ ያረጋጋል፣ ስለዚህ ያንን ሥራ ለጊዜው ይተዉት። በነቀላ ቀን የሚያስፈልግዎት እንግሊዝኛ ግን የመሣሪያዎቹንና የጥቂት እፅዋትን ስም ማወቅ፣ መመሪያ ሲሰጥ ካልገባ «አሳዩኝ» ማለት ነው። አስተባባሪዎች የሚያስጨንቃቸው ቋንቋ የማይችል ሰው ሳይሆን፣ ሳይገባው ገብቶኛል ብሎ የሚነቅለውን ተክል የማይለይ ሰው ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሌላው ችላ የሚባለው ነገር አማርኛዎ ራሱ ጥቅም ያለው መሆኑ ነው። በዚህ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን መልእክት ወደ አማርኛ የሚያስተረጉሙት ተናጋሪው ብዙ በመሆኑ ነው፤ ወደ ተፈጥሮ ማዕከሉ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚመጡ አያቶችም በቋንቋቸው የሚያነጋግራቸው ሰው እምብዛም አያገኙም። አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ፣ እፅዋቱንና ኤሊዎቹን ሲያውቋቸው፣ በአማርኛ የሚደረግ የቤተሰብ የእግር ጉዞ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ማቅረብ የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ይህንን ግን በመጀመሪያው ቀን አያንሡት፤ ቀድሞ ሥራው ይለመድ።

ስለ ጊዜ የምናገረው ከሁሉ በላይ እንዲጤን የምፈልገው ነገር ነው። ብዙ ሰው ጊዜ የለኝም ሲል በየሳምንቱ አራትና አምስት ሰዓት ካልሰጠ አገልግሎት አይባልም ብሎ ስለሚያስብ ነው። አስተባባሪ ሆኖ የሠራ ማንኛውም ሰው እንደሚመሰክረው፣ በወር አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት መጥቶ የማያጓድል ሰው፣ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ከሚጠፋ ሰው እጅግ ይሻላል። እዚህ ላይ የእኛ ይሉኝታ ሥራውን ይጎዳዋል። አስተባባሪዋ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጪያለሽ?» ስትል፣ ፊቷን ላለማስቀየም «እሺ» እንላለን፤ ቀኑ ሲደርስ ፈረቃ ይወጣብናል፤ ለመደወል እናፍራለን፤ ካፈርን በኋላ ደግሞ ፈጽሞ አንመለስም። ከዚያኛው ወገን ሲታይ ለሃያ ሰው የታቀደ መሣሪያና ጓንት ተዘርግቶ ስምንት ሰው ብቻ ይመጣል። እንግዲህ ክብሩን የሚጠብቀው «እሺ» ሳይሆን «የሥራ ፕሮግራሜ ሲወጣ አሳውቃለሁ» ማለት ነው፤ ከቀሩም በዋዜማው አንድ መስመር መልእክት መላክ። ይህ በአሜሪካኖቹ ዘንድ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ ይልቁንም ሊተማመኑብዎት እንደሚችሉ ያረጋግጥላቸዋል።

የነቀላ ቀናት በብዛት የሚውሉት ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነው። የእሑዱ ቅዳሴ ለሚያስቀድም ሰው አይመችም፤ ስለዚህ ቅዳሜን ወይም በሥራ ቀን የሚደረገውን ይምረጡ። ሌላም የወቅት ነገር አለ። ጋርሊክ መስተርድ የሚባለው፣ ቅጠሉ ሲታሽ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ የጎመን ዘር ወገን የሆነ አረም በዋናነት የሚነቀለው በኤፕሪልና በሜይ መጀመሪያ፣ ዘር ከማፍራቱ በፊት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም መጨረሻ ጋር ይገጥማል። ጾመኛ ከሆኑና እስከ ቀትር ውኃም የማይቀምሱ ከሆነ፣ በዚያ ወቅት ጎንበስ ቀና የሚያሰኘውን ረጅም ሥራ አይምረጡ፤ አበባ ያወጣው ተነቅሎ ሜዳ ላይ ከተተወ ዘሩ ሊበስል ስለሚችል በከረጢት መሰብሰብ አለበትና፣ ከረጢቱን ይዞ መዞርና መቁጠር ቀለል ያለ ድርሻ ነው፤ እሱን እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። አይቪ ግን ቅጠሉ ክረምት ከበጋ ስለማይረግፍ፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት መዥገር በቀነሰበት ጊዜ ሊነቀል ይችላል። መዥገር ለሚፈራ ጀማሪ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ የተሻለው መግቢያ ይመስለኛል።

ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በሜሪላንድ የላይም በሽታ አለ፣ የሚያስተላልፈውም ጥቁር እግር ያለው ትንሽ መዥገር ነው፤ ሕፃኑ መዥገር ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። ይሁንና መዥገሩ የላይምን ተሕዋስ ለማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ፈልጎ ያገኘ ሰው ከአደጋው አብዛኛውን ያስቀራል። ነጣ ያለ ሱሪና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ረጅም ሣር ይራቁ። ቤት ሲገቡ የለበሱት ልብስ ደረቅ ከሆነ ሳይታጠብ በማድረቂያው ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ያዙሩት፤ መዥገሩን የሚገድለው ሙቀቱ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላዎን ይታጠቡ፤ ብብትን፣ ከጉልበት ጀርባን፣ ከጆሮ ኋላን፣ ብሽሽትን፣ የልጆቹንም የፀጉር ሥር ይመርምሩ። የተጣበቀ ቢያገኙ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ቅቤ መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል አይገባም። ከቀናት በኋላ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ከመዥገሩ ይልቅ ጀማሪውን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ፖይዝን አይቪ ነው። አገር በቀል ተክል በመሆኑ ወፎች ፍሬውን ይመገቡታል፣ ስለዚህም አይነቀልም፤ ነገር ግን ቅባቱ ብዙ ሰው ላይ ለሳምንታት የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። በአንድ አገዳ ላይ ሦስት ቅጠል አለው፤ መካከለኛው ከሁለቱ ረዘም ባለ ዘንግ ላይ ይቆማል። በክረምት ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ ዛፍ ላይ የወጣው ሐረግ ፀጉር የለበሰ ገመድ ይመስላል፤ አይቪ ለመቁረጥ የሄደ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፀጉራም ሐረግ ካዩ መቀሱን አስቀምጠው አስተባባሪውን ይጥሩ። ከነካዎትም በተቻለ ፍጥነት በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠቡ፤ ጓንቱንም አይርሱ፣ ቅባቱ እሱ ላይ ይቀራልና።

የጥገኝነት ጉዳይዎን በተመለከተ ጠበቃ ስላልሆንኩ የምለው አጠቃላዩን ነው። የሥራ ፈቃድ ያልያዘ ሰው ለሕዝብ ተቋም ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት ያለ ክፍያ ማገልገሉ በአጠቃላይ ያለ ፈቃድ እንደ መሥራት አይቆጠርም፤ ቁም ነገሩ አገልግሎቱ እውነተኛ በጎ ፈቃድ መሆኑ ነው። ገንዘብ፣ የስጦታ ካርድ ወይም በአገልግሎቱ ልክ የሚሰጥ ሌላ ጥቅም አይቀበሉ፤ በደመወዝ ሰው የሚቀጠርበትን ቦታ ተክተው አይሥሩ፤ ላገለገሉበት ሰዓት በምላሹ ሥራ እንደሚሰጥዎት ቃል የሚገባ ካለም ይጠንቀቁ። አረም የሚነቅል ቡድን ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች እምብዛም አይነሡም። ከልጆች ጋር ለሚሠራ ቋሚ በጎ ፈቃደኛ ግን ባክግራውንድ ቼክ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ የሚያጣራው የወንጀል ታሪክን ነው። ቅጹ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከጠየቀና ከሌለዎት ባዶውን ትተው ይጠይቁ እንጂ ፈጽሞ የሌላ ሰው ቁጥር አያስገቡ። ማንኛውንም ቅጽ ከመፈረምዎ በፊት ጉዳይዎን ለያዘው ጠበቃ ማሳየት በኋላ ከሚመጣ ጭንቀት ሁሉ ያድናል።

መኪና ስለሌለዎት ብሩክሳይድ ላይ ብቻ አይወሰኑ። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሳፈሩበታል፤ ማዕከሉም በሬድ ላይን ባቡር ከሚደረስባቸው ከዊተንና ከግሌንሞንት ጣቢያዎች ብዙም አይርቅም። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤትዎ በእግር የሚደርሱበትን መምረጥ ይሻላል። የስላይጎ ክሪክ ወንዝ ከዊተን ተነሥቶ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ በኩል ያልፋል፤ ዳርቻው ላይ አይቪ የሚነቀልባቸውና ቆሻሻ የሚለቀምባቸው ቀናት አሉ፤ «ፍሬንድስ ኦቭ ስላይጎ ክሪክ» የሚባለው የነዋሪዎች ማኅበርም በጸደይና በመጸው ወንዙን የማጽዳት ቀን ያዘጋጃል። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተጉዞ ሁለት ሰዓት ማገልገል በፈረቃ የደከመን ሰው ከሁለተኛው ወር አያሳልፈውም።

ልጆቹን ምን ላድርጋቸው ለሚለው፣ ይዘዋቸው ይሂዱ የሚል ነው መልሴ። አብዛኞቹ የቡድን ቀናት ወላጅ አብሮ እስካለ ድረስ ልጅ ይቀበላሉ። ስድስተኛ ክፍል ትገባለች ያሏት ልጅዎ ደግሞ የራሷ ምክንያት አላት፤ ሜሪላንድ ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲፈጽሙ የምትጠይቅ ግዛት ስትሆን፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው አምስተኛ ክፍል ከተጠናቀቀ በኋላ ካለው የዕረፍት ወቅት አንሥቶ ነው። ብዙ የሐበሻ ወላጆች ይህን የሚሰሙት ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ሲጨነቅ ነው። ሥራው በትምህርት ቤቶቹ ዘንድ ለዚህ የተፈቀደ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፣ ቅጹም በዕለቱ ይፈረም፤ ከወራት በኋላ ፊርማ ማሳደድ አድካሚ ነው። ልጅዎ እንግሊዝኛውን ስለምትችል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታስተረጉምልዎታለች ብለው አይመኩባት፤ እሷም የራሷን መቀስ ይዛ ትሥራ፣ እርስዎም በራስዎ ጆሮ ይልመዱ።

በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ዘመዶችዎ «ለፍተሽ ለምን በነፃ ሣር ትነቅያለሽ?» እንደሚሉዎት ጠቅሰዋል። ለዚህ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። አንዷን ዘመድዎን አንድ ቅዳሜ ይዘው ይሂዱ። ብቻውን የመጣ አዲስ ሰው ከሁለተኛው ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ ከጓደኛው ጋር የመጣ ግን ይቆያል፤ በሥራው ላይ ሳለሁ ከዚህ የበለጠ የሚታመን ነገር አላየሁም። የሴቶች ማኅበር ወይም እድር ካላችሁ በቡድን መመዝገብም ይቻላል፤ አስተባባሪዎች እንዲህ ያለውን ቡድን ብቻውን በአንድ ቀን ለማስተናገድ ደስ ይላቸዋል።

አሁን የሚቀረው መልእክቱ ነው። ስልክ ከመደወል ይልቅ ጊዜ ወስደው የሚጽፉት ኢሜይል ይሻልዎታል። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ማን እንደሆኑና በየት ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ወራሪ እፅዋት በሚነቀልበት ቀን መገኘት እንደሚፈልጉ፣ ከየትኞቹ ቀናት የትኛው እንደሚመችዎት፣ ከስንት ልጆች ጋር እንደሚመጡ። ስለ እንግሊዝኛዎ ይቅርታ አይጠይቁ፤ «መመሪያው በሥራ ሲታይ በደንብ ይገባኛል» ማለት ይበቃል። በብዙ ማዕከላት የበጎ ፈቃደኞቹን ጉዳይ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቅዳሜና እሑድን ሜዳ ላይ ስለሚያሳልፍ መልስ መዘግየቱ የተለመደ ነው፣ እንቢታ አይደለም። ከአሥር ቀን በኋላ ያንኑ መልእክት ደግመው ይላኩ። ያም ካልተመለሰ፣ ልጆቹን ይዘው ወደ ማዕከሉ በሚሄዱበት ቀን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው ቀጣዩ የነቀላ ቀን መቼና የት እንደሆነ ጠይቀው፣ ስምዎን እዚያው ያስመዝግቡ።